ክፉ ዓመትን ማሳለፍ

«ወላጅ» የሚለው ቃል በኛ ዘንድ ከራሱ አስቀድሞ ልጁን የሚያይ ሰው ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ገብተን አልተማርነውም፤ ከእናት ጡት ጋር ጠብተነዋል። በችጋር ቀን የመጨረሻዋን ቁራሽ ለልጁ ሰጥቶ ጦሙን ያደረ አባት የተለየ ምስጋና አይቀርብለትም፤ ያደረገው የሚጠበቅበትን ነውና። ቁራሿን ለራሱ አድርጎ ልጁን ያስራበ አባት ግን እስከ ልጅ ልጆቹ የሚከተል ስም ያተርፋል። ለመሆኑ የዚህ ፍርድ መሠረቱ ምንድን ነው? ፍጥረት ሁሉ የሚተዳደርበት ሕግ ነው ወይስ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር እየተጣላ ብቻውን ያቆመው ሥርዓት? መልሱን የምፈልገው አንባቢ ምናልባት ባልጠበቀው ስፍራ፣ በባሕር ወፎች መካከል ነው።

አባቶቻችን እንስሳትን እየተመለከቱ ስለ ሰው ማሰብን ያውቁበት ነበር። በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ ከሚተርክላቸው ፍጥረታት አንዱ ይብራ ነው፤ ዛሬ ፔሊካን የምንለው ወፍ። በመጽሐፉ አተራረክ ጫጩቶቹ ከፍ ሲሉ የወላጆቻቸውን ፊት ይመታሉ፤ ወላጆቹም ተቆጥተው ይገድሏቸዋል፤ በሦስተኛው ቀን ግን እናቲቱ ጎኗን ከፍታ ደሟን በሬሳቸው ላይ ታፈስና ሕይወት ትዘራባቸዋለች። መጽሐፉ ይህን የክርስቶስ ምሳሌ ያደርገዋል። ምሥጢሩን ለሊቃውንቱ እንተወውና ለኛ ጉዳይ የሚበቃው ይህ ነው፦ ወላጅ ምን መሆን እንዳለበት የነበረን ምኞት በአንዲት ወፍ ተመስሎ ብዙ ዘመን አብሮን ኖሯል።

በኖርዌይ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በሎፎተን ደሴቶች ጫፍ ላይ ሮስት የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሉንዴ የምትባል ትንሽ ወፍ ክረምቱን በውቅያኖስ ላይ አሳልፋ በሚያዝያ ወር ግድም ወደዚያ ትመለሳለች። ባሕር የራቀው ቋንቋችን ስም ስላላወጣላት የአገሬውን ስም እዋሳለሁ። ጀርባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ ነው፤ መንቁሯ በመራቢያዋ ወራት እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት በቀለም ያጌጣል። በአፈር ውስጥ ጉድጓድ ትምስና በዓመት አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች። የመጀመሪያዋን የምትጥለው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሃያም ሠላሳም ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ አርባ ዓመት የተሻገራትም በእግር ቀለበቷ ታውቃ ተመዝግባለች።

ባሕሩ ዓሣ ሲነሳት ይህች ወፍ ምን ታደርጋለች? ለጥቂት ቀናት ርቃ ትበራለች፤ ያገኘችውን ታመጣለች። የራሷ ገላ ከአንድ ልክ በታች መክሳት ሲጀምር ግን ወደ ባሕር ትወጣና በዚያ በጋ አትመለስም። ጫጩቷ በጨለማው ጉድጓድ ውስጥ ትጠብቃለች፤ ትጮኻለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። የፈሰሰ ደም የለም፤ ሦስተኛ ቀንም የለም።

ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚቀድመው ቁጣ ነው። ቁጣው የሰውነት ምልክት ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት ሒሳቡን እንመልከት። አንድ መቶ የደረሱ ወፎች የሚኖሩበት ገደል አለ እንበል። በደህና ዘመን ከመቶው አምስቱ በየዓመቱ ይሞታሉ፤ ሰፈሩ እንዳይመናመን አምስት ወጣቶች ከባሕር ተመልሰው ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። አሁን የወላጆቹ ሞት ከአምስት ወደ አሥር ከፍ አለ እንበል። በመቶ ላይ አምስት ለዓይን የሚሞላ አይደለም፤ ይሁንና ሰፈሩን ለማቆየት የሚያስፈልገው ተተኪ እጥፍ ሆኗል፤ በዓመት አንዲት እንቁላል ለምትጥል ወፍ ደግሞ እጥፍ ማለት የማይቻል ማለት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በአንድ በጋ የተፈለፈሉት ጫጩቶች በሙሉ ቢያልቁ፣ ሰፈሩ ያጣው የአንድ ዓመት ተተኪውን ብቻ ነው፤ ዘጠና አምስቱ ወላጆች በሚመጣው ሚያዝያ እንደገና ይሞክራሉ። ከመቶ አምስት ብቻ በሚሞትበት ሰፈር የምትኖር ወፍ በአማካይ ሃያ ዓመት ያህል ከፊቷ አላት። ጫጩቷን ስትተው ከሃያ ዕድሎቿ አንዱን ታጣለች፤ ስለ ጫጩቷ ብትሞት ግን ሃያውንም ታጣለች፤ ዓሣ በጠፋበት ባሕር ጫጩቷም ብትሆን የመትረፍ ተስፋዋ የመነመነ ነው። እንግዲህ የባሕር ወፍ ሕይወት በዚህ ሚዛን ላይ የቆመ ነው፦ የወላጅ መትረፍ አይነኬ ነው፤ በክፉ ዓመት የሚቀነሰው መራባቱ ነው።

ይህ መቆጠብ ለማን ተብሎ ነው የሚለው ጥያቄ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ ሁለት ታላላቅ የወፍ ሊቃውንትን አከራክሯል። የአበርዲኑ ዊን-ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፉ ወፎች መራባታቸውን የሚገቱት ለማኅበሩ ብለው ነው አለ፤ ሁሉም እንዳሻው ቢፈለፍል ባሕሩ ስለማይበቃ እያንዳንዱ ከድርሻው ይቀንሳል። የኦክስፎርዱ ዴቪድ ላክ ግን አልተቀበለውም። ወፏ የምታስበው ለማኅበር አይደለም፤ በዕድሜዋ ሙሉ ብዙ ልጅ ለማትረፍ የሚበጃትን ታደርጋለች፤ ማኅበሩም የነዚህ የየግል ሒሳቦች ድምር ነው ሲል ተከራከረ። አብዛኛው የሳይንስ ዓለም ውሎ አድሮ ለላክ ፈረደ። ፍርዱ ልክ ይመስለኛል፤ ሆኖም የዊን-ኤድዋርድስ ሐሳብ ለምን ብዙ ሰው እንደማረከ ይገባኛል። እኛም መቆጠባችንን «ለወገን ብዬ ነው» ብለን ብንጠራው ደስ ይለናል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ጆርጅ ደኔት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1950 አንሥቶ ሃቭሄስት የሚሏትን ወፍ (ትርጉሙ የባሕር ፈረስ ነው፤ ፈረስ የሚያሰኝ ነገር ግን አላየሁባትም) ቀለበት እያሰረ ተከታትሏል። ገና ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1951 አንዷን ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ያችኑ ወፍ ይዞ እንደገና ተነሥቷል። ሰውየው ሸብቶ፣ ፊቱ ተጨማዶ ይታያል። ወፏ ያው ናት። አስደናቂ ሥዕል ነው። ይሁንና ይህ የማያረጅ መልክ አደገኛ ነገርም አለበት፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ፍጡር ተተኪ ማጣቱ ከፊቱ አይነበብም።

የሮስት ታሪክ የዚህ ማስረጃ ነው። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ይጥላል፤ የሚፈለፈሉት ጥቃቅን ዓሦች ጠረፉን ተከትሎ በሚፈስሰው የባሕር ጅረት እየተነዱ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በበጋው ወራት በሮስት አጠገብ ያልፋሉ። የሉንዴ ጫጩት ቀለቧ ይህ አላፊ መንገደኛ ነው። በ1960ዎቹ የዓሣ መርከቦች ዓሣውን ከባሕር በታች በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያና ግዙፍ መረብ የሚጎትት ማሽን ታጠቁ፤ አሠርቱ ሳያልቅ የሄሪንጉ ሀብት ተንኮታኮተ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1982 በነበሩት በአብዛኞቹ ዓመታት የሮስት ጫጩቶች በጉድጓዳቸው ውስጥ በረሃብ አለቁ። ልብ ይሏል፤ በነዚያ ዓመታት ወላጆቹ በየሚያዝያው ይመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በደሴቶቹ ላይ 1.4 ሚሊዮን ያህል ጥንዶች ይገመቱ ነበር። ሰማዩ በክንፍ ተሞልቷል፤ ገደሉ ይጮኻል። በዚያ የቆመ መንገደኛ ይህ ሰፈር ለዓመታት ወራሽ ያላገኘ ቤት ነው ቢባል ይስቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሄሪንጉ አገገመና ደህና ዓመታት መጡ፤ እንደገና ክፉ ዓመታት ተከተሉ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከአሥር ዓመት ለበለጠ ጊዜ የሮስት ሉንዴዎች ጫጩት ማሳደግ ተሳናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የቀረው ከሩብ በታች ነው። የኖርዌይ የተፈጥሮ ምርምር ተቋም ሰዎች በየዓመቱ ወደ ደሴቱ ሄደው፣ ደረታቸውን መሬት ላይ አስተኝተው፣ እጃቸውን እስከ ትከሻ ወደ ጉድጓዱ ይሰዳሉ። እንቁላል አለች? ጫጩት አለች? ወይስ ባዶ ነው? ቆጠራ ማለት ይህ ነው።

ሌላ ዓይነት ሞት መኖሩን መካድ አይቻልም። በባረንትስ ባሕር ሎዴ የተባለው ዓሣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲከስም፣ ሎምቪ የሚሏቸው ወፎች እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 መካከል ባለው ክረምት በጅምላ አለቁ፤ በቢዮርንዎያ ደሴት ከነበሩት ሰማንያ ከመቶ በላዩ በአንድ ዓመት ጠፋ። ያ ዓለም የሰማው ጥፋት ነው። የሚገርመው ግን በሕይወት የቀሩት ዓሣው ሲመለስ ጫጩት ስላሳደጉ የቢዮርንዎያ ሎምቪዎች ቀስ በቀስ ማገገማቸው ነው። በድምፅ የመጣው ጥፋት ማገገሚያ አገኘ፤ የሮስቱ ግን ማንም ሳይደነግጥ ቀጠለ።

ይህን የምጽፈው በኦስሎ ደቡብ ጠርዝ፣ ሆልምሊያ ከሚባለው ሰፈር ሆኜ ነው። ሆልምሊያ በአብዛኛው በ1980ዎቹ የተሠራ፣ ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብ በፎቅና በተያያዘ ቤት ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ ቁልቁል ሲወርዱ ከቬርቨንቡክታ የባሕር ዳርቻ የሚያደርስ ሰፈር ነው። ሞከ የሚሏቸው ነጫጭ የባሕር ወፎች በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ በሰኔ ጫጩት ሲያሳድጉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይጮኻሉ፤ በአናት ላይ እየተወረወሩ መንገደኛ ያስደነግጣሉ። አንድ ጎረቤቴ፣ ዕድሜውን ሁሉ በዚሁ ከተማ የኖረ ደግ ሽማግሌ፣ «የባሕር ወፍ እየጠፋ ነው ይላሉ፤ እነዚህ ታዲያ ምንድን ናቸው? አእዋፍ ቢጠፉ ኖሮ እኔ እተኛ ነበር» አለኝ። ክርክሩ ከሮስቱ መንገደኛ ክርክር ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኖርዌይ የሥጉ ዝርያዎች መዝገብ ግን ያችኑ በጣሪያችን ላይ የምትጮኸውን ፊስከሞከን ሳይቀር ለጥፋት ከተጋለጡት ይቆጥራታል፤ ሉንዴና ክሪክየ ከርሷ የባሰ፣ ሎምቪ ደግሞ እጅግ የከፋ ደረጃ ላይ ናቸው። ወደ ጣሪያችን መምጣቷ የብዛቷ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ የባሕር ዳርቻው እንደ ድሮው ያላዋጣት ስደተኛ ልትሆን ትችላለች። ሽማግሌው ይህን ስነግረው አሰበና «እንግዲያውስ የሆልምሊያ ሰው ናት» አለኝ።

አንባቢ «እኛ ባሕር የሌለን ሕዝብ ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ወደ ይብራው እንመለስ። በስምጥ ሸለቆ ያለው የሻላ ሐይቅ ደሴቶች ነጩ ይብራ በብዛት የሚፈለፍልባቸው ስፍራዎች ሆነው ለረጅም ጊዜ ይታወቁ ነበር። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉት ተመራማሪዎች የዚህን ወፍ አረባብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። እውነተኛው ይብራ በአብዛኛው ሁለት እንቁላል ጥሎ አንድ ጫጩት ያሳድጋል፤ ሲረበሽ ወይም ሲርበው ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። በጠባዩ ከፊሳልጎስ ይልቅ ለሉንዴ ይቀርባል። ሻላ ጥልቅ ሐይቅ ቢሆንም ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ወፎቹ በየዕለቱ ወደ ጎረቤቱ አቢጃታ እየበረሩ ያጠምዱ ነበር። ወደ አቢጃታ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከሐይቁም ለሶዳ ፋብሪካ ተቀዳ፤ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው ጠፋ። ይብራዎቹም ተመናመኑ። በዚያ ልጁን የተወው ወፍ ነው ወይስ ሐይቁን የጠጣው? ጥፋተኛ ፍለጋ ወደ ጎጆው የምንመለከት ከሆነ የተሳሳተ አቅጣጫ ይዘናል።

በኛ አገር የገበሬው ሒሳብ ከሉንዴ ሒሳብ ተቃራኒ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል፤ ሙሽሮች «ውለዱ፣ ክበዱ» ተብለው ይመረቃሉ። ይህ ግድየለሽነት የሚመስለው ለማያውቀው ነው። ሞት በየቤቱ ሲገባ ብዙ መውለድ የመትረፊያ ብልሃት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ሞቱ ሲቀንስ መውለዱም መቀነሱ የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው የአዲስ አበባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አንዲት የኢትዮጵያ ሴት በአማካይ 5.4 ልጅ ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዪቱ 1.4 ነበር፤ ሀብታሟ ኖርዌይ በ2023 የደረሰችበት ቁጥር ማለት ነው። ያ ድሎት ያመጣው አልነበረም። ቤት የለም፤ ሥራ የለም፤ ጋብቻው ይቆይ፤ ልጁም ይቆይ። አንድ ትውልድ ባሕሩን አይቶ መራባቱን አዘገየ። በዚያ ላይ ለመፍረድ የሚደፍር ካለ እኔ አይደለሁም።

ነገር ግን ማዘግየት ብልሃት የሚሆነው ክፉው ዓመት ዓመት ሲሆን ነው። የሉንዴ ጥበብ ሁሉ በአንድ እምነት ላይ ተሠርቷል፤ ከክፉ ዓመት በኋላ ደህና ዓመት ይመጣል። ይህ እምነት እጅግ ብዙ ትውልድ እውነት ሆኖ አገልግሏታል፤ ስለዚህ በገላዋ ተጽፏል። መረቡ የባሕሩን ጠባይ ሲለውጥ ግን እምነቷን የሚያስለውጣት ነገር የለም። በየሚያዝያው ትመጣለች፤ አይታ ትሄዳለች። ብልህነቷ አልጠፋም፤ ብልህ ያደረጋት ዓለም ጠፋ እንጂ። እዚህ ላይ ጥያቄው ከወፍ ያልፋል። ክፉ ዓመትን እያሳለፈ ያለ ሰው፣ የሚያሳልፈው ዓመት መሆኑንና ዘመን አለመሆኑን በምን ያውቃል? ስደተኛ ይህን ጥያቄ በየበዓሉ «በሚመጣው ዓመት በአገራችን» ሲባባል ሳያስበው ይመልሰዋል። አዳራሹ በሰው ሞልቷል፤ እንጀራው አለ፤ ጭፈራው አለ። ፀጉራችን መሸበቱን ብናይም ብዛታችን ያጽናናናል። በአዳራሹ ጥግ ያሉት ልጆች እርስ በርሳቸው በኖርዌጂያንኛ ይጫወታሉ።

ሰው ሉንዴ አለመሆኑን አልዘነጋሁም። ሉንዴ ያልፈለፈለችውን ልጅ ልጄ ልትል አትችልም፤ ለኛ ግን የጡት ልጅ አለን፣ የክርስትና ልጅ አለን፤ ያልወለደ ሰው ተተኪ የሚያገኝበት መንገድ አባቶቻችን ከሕግ መጻሕፍት በፊት ሠርተውልናል። ይህ መንገድ መኖሩ ሒሳቡን ያለዝበዋል፤ ግን አይሽረውም፤ የጡት ልጅም ቢሆን አንድ ሰው መውለድ አለበት።

ሁለት ሴቶች አውቃለሁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የተሰደዱት በአንድ ሰሞን ነው፤ በሰሜን ኖርዌይ ባለ አንድ ሞታክ ተገናኙ። የሁለቱም የጥገኝነት ጥያቄ ተቀባይነት አጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ኖርዌይና የኢትዮጵያ መንግሥት የመመለሻ ስምምነት ሲፈራረሙ ሁለቱም እዚያው ሆነው ልብሳቸውን በሻንጣ አድርገው ያድሩ ነበር። ታናሺቱ በዚያ ሁሉ መካከል ሁለት ልጅ ወለደች። ብዙ ሰው ነቀፋት፤ ፖሊስ ሌሊት ሊመጣ በሚችልበት ክፍል ውስጥ ሕፃን ማምጣት ጭካኔ ነው ተባለ። ታላቂቱ ባል ነበራት፤ «ወረቀቱ ይምጣ» ብለው ተስማሙ። ብዙ ሰው አመሰገናት፤ እኔም ካመሰገኗት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ያኔ ባወቀችው ነገር ልክ ወስናለች እላለሁ። ወረቀቱ ለሁለቱም መጣ። ለታላቂቱ ሲመጣ አርባ አምስት ዓመት አልፏት ነበር።

ታላቂቱ የታናሺቱ ሴት ልጅ የክርስትና እናት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ታስቆጥራታለች። አንድ ቀን ቡና ላይ ታናሺቱ «እትዬ፣ እኔ እኮ ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ማሰብ አቅቶኝ ነው» አለቻት። ታላቂቱ ስኒውን እየቀዳች ነበር። «እኔም ብዙ አላሰብኩም» አለች። «አንድ ዓመት መስሎኝ ነበር።» ልጅቱ ከወዲያኛው ክፍል የ«ቀ»ን ዘር እየጮኸች ታነብብ ስለነበር የተከተለውን አልሰማሁም።